የጀልባዋ ጆሮ

ፑንታ ኤልቪራ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1998

ለወንድሜ ለፋውስቲኖ፤

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ለገና የጻፍክልኝ ደብዳቤ እስከ ዛሬ መልስ ያጣው ረስቼህ አይደለም። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ላይ ዘይት ፈሰሰበት። የቀሩትን ሁለቱን ለምን እንደቀደድኳቸው ቆይቼ እነግርሃለሁ። አንተስ እንዴት ከርመሃል? አምፓሮስ? ሆዷ ወረደ ወይስ ገና ነው? ወገቧን ካመማት ወንድ ነው ይላሉ። እኔ አራት ስወልድ አራቱንም ጊዜ ወገቤን አሞኛል፣ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ እንዳታምኗቸው። የጫማ ማጣበቂያው ሽታ ራሴን ያመኛል ላልከው ደግሞ፣ ወደ ሥራ ስትገባ ወተት ጠጣ።

ለጠየቅከኝ ልመልስ። አዎ፣ ያንን ስም አሁንም ይሉታል። አልዋሽህም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አበልጄ ቶሪቢዮ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቻኖ ከሌዮን ጻፈልሽ ወይ?" አለኝ።

"ወንድሜ ፋውስቲኖ ነው የሚባለው፤ ክርስትና ሲነሣ ቆመህ አልነበር እንዴ? ረሳኸው?" አልኩት።

ሳቀ። ክፋት እንደሌለበት ታውቀዋለህ፣ አፉ ነው ሥራ ያልፈታው። ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የኮርቢና ዓሣን ጩኸት ከጀልባ ሥር በጆሮው ሲለይ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ቻኖ አስያዘ ተብሎ ገዢ በማይነካው በዚያ ዓሣ ስም ሲጠራ ደሜ ይፈላል። ሁለቱም ዓሣዎች ይጮኻሉ፤ መሳሳት ለማንም ነው። አንተን ግን ከአገር አስወጣህ።

አሁን ወደ ነገሬ። ኮርቢናው መንገድ ላይ ነው። ወፎቹ ገብተዋል፣ ውኃው መደፍረስ ጀምሯል፣ ዶኛ ኢድዩቪሄስም ለጾሙ ዓሣ ብላ ቢላዎቿን አሳለች። የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ዘንድሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል። እስከ ሦስተኛው ትልቅ የባሕር ሙላት፣ ማለትም እስከ ማርች 28 ድረስ፣ ለኮርቢና ያልወጣ ጀልባ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ዓሣውን በጆሮው የሚለይ ሰሚ ሳይኖረው ደግሞ ማንም አይወጣም። ቁጥር ሃያ ሰባት የአባታችን ቦታ ናት። አባታችን በዚያች ቁጥር ነው ሁላችንንም ያሳደገን።

ባሌ ኤልፒዲዮ ሰሚ እንዲሆኑት ሦስት ሰው ጠየቀ። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዱ አማቴ ታመዋል አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይል ጫማውን ማየት ጀመረ። የቀደድኳቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች ላይ የነበረው ይሄው ነበር፤ መለመን እያሳፈረኝ ነው። አሁን ግን ለመንኩህ። ና። ለአንዲት ሙላት ብቻ ና።

ኤልፒዲዮ ደህና ነው። ምንም አልሆነም። ብቻ ዝም ብሏል።

እኅትህ ኦቱሊያ


ሌዮን፣ ፌብሩዋሪ 13

እትዬ ኦቱሊያ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወተቱን እየጠጣሁ ነው፤ ራሴን ማመሙን አልተወኝም፣ ግን ወፍሬያለሁ።

አልመጣም። በስሙ የተነሣ እንዳይመስልሽ። አምፓሮ በማርች መጀመሪያ ትወልዳለች። ያለፈው እንደጨነገፈባት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለባሕሩ ብዬ ትቼያት ብሄድ አንቺው ራስሽ በመጥረጊያ ታባርሪኛለሽ።

ሦስቱን ሰዎች አትቀየሚያቸው። ጉልበትም አማትም ሰበብ ነው። ምክንያቱን አሁን አልነግርሽም፤ የእኔ ምሥጢር አይደለም። አንድ ነገር ግን አድርጊልኝ። ኤልፒዲዮ መረብ ሲጠግን ከኋላው ቁሚና ጥሪው። እንዳትጮሂ፤ ሁልጊዜ እንደምትጠሪው ጥሪው። ከዚያ የሆነውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ፋውስቲኖ


ፑንታ ኤልቪራ፣ ማርች 1

ወንድሜ፤

ያልከኝን አደረግኩ። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ሳይለይልኝ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ከተጣመመብህ ይቅርታ።

ግቢ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ መረቡን ይጠግናል። አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። "ኤልፒዲዮ" አልኩት። ዝም። "ኤልፒዲዮ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ።" ዝም። ቀጥዬ፣ "ኤልፒዲዮ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው! እኔም ከቶሪቢዮ ጋር ልጠፋ ነው!" አልኩት። መርፌውን በጥርሱ ነክሶ ክሩን ሳበ። ዞር ሲል አየኝ፤ ፈገግ አለና፣ "መጣሽ እንዴ?" አለኝ።

ፋውስቲኖ፣ ይሄን ሰው ስንት ዓመት ነው የሰደብኩት! "ከግድግዳ ጋር ነው የተጋባሁት" እያልኩ ለጎረቤት ስከሰው፣ ለቄሱ ስናዘዝበት ኖሬያለሁ። የናቀኝ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ግን ፈገግ የሚለው ስላልሰማኝ ነው። ማዕድ ላይ ፊት ለፊቴ ካልተቀመጥኩ የሚለው አፌን ለማየት ነው፤ እኔ ሞኟ ደግሞ ፍቅር ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። እርግጥ ፍቅርም ሊሆን ይችላል። አሁን ምኑን አውቄው!

ሬዲዮኑንም ተበላሽቷል ብሎ ለእህቱ የሰጣት ለዚሁ ነው ለካ። እሷ ቤት ሄጄ ስሰማው ጤነኛ ነው፣ ያንቋርራል።

ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። አንድ ነገር ውስጤ ገብቶ ይመላለሳል። ባለፈው ዓመት ያ ቻኖ የተያዘ ዕለት አንተ ከፊት ታዳምጣለህ፣ እሱ ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው። አንተ ምን አልክ? እሱስ ምን ሰማ? እውነቱን ጻፍልኝ። ካልጻፍክልኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሌዮን ድረስ መጥቼ ፋብሪካው በር ላይ ነው የምጠይቅህ፤ እንደማደርገው ታውቃለህ።

የመጀመሪያው ሙላት ሐሙስ ዕለት አለፈ። ሌሎቹ ወጡ፣ ዓሣ ሞልተው ተመለሱ። የእኛ ጀልባ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ደግሞ የሰው ዓሣ ስሰነጥቅ ዋልኩ። ማወቄን ለኤልፒዲዮ ገና አልነገርኩትም።

ኦቱሊያ


ሌዮን፣ ማርች 10

እትዬ፤

ሴት ናት! ሐሙስ ጠዋት ተወለደች። አምፓሮም ልጅቷም ደህና ናቸው። ስም ገና አላወጣንላትም፤ ስትጮህ አንቺን ትመስላለች።

ያልሽውን እንደማታስቀሪ ስለማውቅ ልንገርሽ። ኤልፒዲዮ መስማት ከተወ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጀልባ ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ የምንነጋገረው በእጅ ነው። እጄን ወደ ላይ ካነሣሁ "መረቡን ጣል" ማለት ነው። ያን ቀን ሳዳምጥ ቻኖ ነበር። "ቻኖ ነው፣ እንለፍ" አልኩ፤ ሳላስበው "ቆይ" ለማለት እጄን አነሣሁ። በዚያች እጅ ጥፋቱ የእኔም ነው። እሱ የሚያየው እጄን ነበር፤ ጣለ። መረቡ ተቀደደ፣ ሙላቱ አመለጠን።

ዓሣው የሚመዘንበት ሚዛኑ ጋ "ማነው የሰማው?" ሲሉ "እኔ ነኝ" አልኩ። ኤልፒዲዮ በዚያ ዕድሜው መሪውን ከቀሙት ምን ይሠራል? እኔ ሌላ ሥራ አላጣም አልኩ። እሱ ያን ቀን አላየኝም፣ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ሦስቱ ሰዎች ግን ኋላ ላይ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ እምቢ ያሉት ለዚሁ ነው።

አሁን አትሳቂብኝ። ሰሚ አጣን አትበሉ፣ አንቺ አለሽ። አባታችን በልጅነትሽ ጀልባዋ ወለል ላይ አስተኝቶ ሲያስደምጥሽ አስታውሳለሁ፤ ከእኔ ይልቅ በአንቺ ጆሮ ነበር የሚመካው። ሴት ሆንሽና ቢላ አስያዙሽ እንጂ።

እንዲህ አድርጊ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ። መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ክተቺና እጀታውን ከጆሮሽ ሥር አጥንቱ ላይ አስደግፊው። ሌላኛውን ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚ። ቻኖ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው፤ ያንኳኳል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ኮርቢና ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ድግስ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ አትለዪውም፣ መሐሉም አይቋረጥም።

የነገርኩሽን ለኤልፒዲዮ ንገሪው ወይም ተዪው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።

ፋውስቲኖ


ፑንታ ኤልቪራ፣ ማርች 20

ለወንድሜ፣ ለአምፓሮና ገና ስም ላልወጣላት፤

እንኳን ማርያም ማረቻት! ደብዳቤህን ይዤ በየቤቱ ዞርኩ፣ ስለ ልጅቷ ያለውን ብቻ እያነበብኩ። ዶኛ ኢድዩቪሄስ የሕፃን ሹራብ ጀምራለች፤ ክሩ አረንጓዴ ነው፣ የቆሻሻ ውኃ ነው የሚመስለው፤ ሲደርስላችሁ ግን ደስ አለን በሏት።

ነገርኩት። ነገርሽው ወይ ብለህ በላክኸው ቴሌግራም ጠይቀኸኛል። ምን ልበልህ፣ ደንቆሮ ሰውን በምሥጢር ማናገር አይቻልም። ከተናገርኩ መንደሩ ይሰማል፣ በጽሑፍ ከሰጠሁት መነጽሩን አጥቶታል። በመጨረሻ ጀልባዋ ውስጥ አስገብቼ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ አፌን በደንብ እየከፈትኩ፣ "አውቃለሁ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ጆሮህን። የፋውስቲኖን እጅም ጭምር።"

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ስንት ዓመት ነው የተሳደብሽው?"

"ሁሉንም።"

"እንኳን አልሰማሁሽ!" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ፣ ፊቱን አዞረብኝ። ዓይኑን ሲጠርግ ባላየ አለፍኩ። "ሰሚ ሆኜ እወጣለሁ" ስለው ግን መልሶ ቁጣ! ሴት ሙላት ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ሰው ምን ይላል፣ ብትወድቂስ? "ሰው የሚለውን አንተ አትሰማም፣ ምን ቸገረህ?" አልኩት። መቅዘፊያውን ገፋ አደረገልኝ። እኔም እሺ ማለቱ ነው አልኩ።

ሁለተኛው ሙላት ላይ ልምምድ አደረግኩ። መውጣት ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ፣ መቅዘፊያ ተደግፌ፣ ጥጥ በጆሮዬ። ስብ መጥበሻ ላይ ሲንጣጣ የመሰለ ብቻ ሰማሁ። ብነግረው ኤልፒዲዮ ሽሪምፕ ነው አለኝ። እንዲያ እንደ ቆምኩ ቶሪቢዮ በጀልባው አለፈ።

"አበልጄ! ዓሣውን ልትሰሚው ነው ወይስ ልታሚው?"

"ሁለቱንም! ስለ አንተ ብዙ ነው የሚነግረኝ!"

የጀልባው ሰዎች ሳቁበት። እኔ ግን እግሬ ደንዝዞ ነበር።

እጅ ማንሣት በቤታችን ቀርቷል። ቀጭን ገመድ ከእኔ አንጓ ወደ እሱ ቀበቶ አስረናል። አንዴ ከሳብኩ "ተወው"፣ ሁለቴ ከሳብኩ "ጣል"። ግቢ ውስጥ ስንለማመድ ሱሪውን አወረድኩበት፤ ጎረቤት አይቷል። መረቡን የሚጥልልን የአጎታችን ልጅ ሜልቾር ነው፤ ሰሚዋ እኔ መሆኔን ስነግረው፣ "እሺ፣ ግን ጀልባ ላይ እንዳትመክሪኝ" አለ።

ስለ አንተ ስም ያለው ነገር ግን አልቀና አለኝ። "እውነቱን ለሰው ተናገር" አልኩት። "ከተናገርኩ አያስወጡኝም፣ ሃያ ሰባት ቁጥር አለቀላት" አለኝ። ልክ ነው እኮ። የቀረን ስምንት ቀን ነው፣ አንድ ሙላት። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በዚህ ልገፋው አልቻልኩም።

ኦቱሊያ


ፑንታ ኤልቪራ፣ ማርች 31

ወንድሜ ፋውስቲኖ፤

ፈራሽ ወይ ብለህ በቴሌግራም ላልከኝ፣ አዎ። ግን በባሕሩ አይደለም። ባሕሩ ጋ ሳንደርስ ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ ዳር ሸራ ተወጥሮ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይመዘግባል። ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ተራችን ደረሰ።

"ሃያ ሰባት። አለቃ?"

"ኤልፒዲዮ" አልኩ።

"ሰሚ?"

"ኦቱሊያ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "የማን ኦቱሊያ? አንቺ? ወንድምየው ቻኖ አስያዘን፣ እህትየው ደግሞ ምን ልታስይዘን ነው፣ እንቁራሪት?"

ሳቁን አትጠይቀኝ። እኔ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር፣ ጥሩ መልስ፣ አሁን ጠፍቶኛል። ኤልፒዲዮ የጸሐፊውን አፍ ያይ ነበር። "ቻኖ" የሚለውን ቃል በከንፈር ለማንበብ ችግር የለም መሰለኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ጮኾ ነው የተናገረው፤ ሚዛኑ ጋ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

"ፋውስቲኖ አልተሳሳተም! ቻኖ ነው እንለፍ ብሎኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ሞቷል፣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጁ ለእኔ ብሎ ስሙን ሰጠ፣ እኔም ዝም አልኩ። ስም ማውጣት ከፈለጋችሁ ይኸው እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።"

ፋውስቲኖ፣ የሳቁት ሁሉ ባርኔጣቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ከዚያ ጸሐፊው ቀስ ብሎ፣ "እንግዲህ… የማይሰማ አለቃ ማስወጣት አልችልም" አለ። የፈራሁት ያኔ ነው። ሃያ ሰባት ቁጥር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልትቀር ነበር።

"ደንቡ የት ላይ ነው እንዲህ የሚለው? አንብብልኝ" አልኩት።

ወረቀቱን አገላበጠ። ደግሞ አገላበጠ።

"ሰሚ የሌለው ጀልባ አይወጣም ነው የሚለው" አልኩ። "ስለ አለቃ ጆሮ ምንም አይልም። እሱ ዓይንና እጅ አለው፣ ከሁላችሁ በፊት ይሄን ውኃ ያውቀዋል። የጀልባዋ ጆሮ እኔ ነኝ። ጻፍ።"

ጸሐፊው ዙሪያውን ያያል። አበልጄ ቶሪቢዮ ነው የጮኸው፤ "ጻፍላት እንጂ ሰውዬ! ውኃው እየሸሸ ነው፣ እሷ ደግሞ ካልጻፍክ እስከ ፋሲካ አትነሣም!" ጻፈ። ስሜን አበላሽቶ ነው የጻፈው፣ ግን ጻፈ። ሌላ ደንብ አምጥተው ቢከራከሩም ቁጥራችን ወጥታለች ተብሎ ተመዝግቧል፤ አትሰረዝም።

አሁን ስለ ባሕሩ። የመጀመሪያው ላይ ተሳሳትኩ። ልደብቅህ አልፈልግም። አፍንጫው ከሚባለው አሸዋ ማዶ ቆምን፣ ሞተር ጠፋ፣ እጀታውን አጥንቴ ላይ አስደገፍኩ። ማንኳኳት ሰማሁ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ልክ እግሬ ሥር። ቻኖ ነው አልኩ፤ አንዴ ሳብኩ። ኤልፒዲዮ ተወው። ከጎናችን ቶሪቢዮ ጣለ፤ ሲያወጣው የሚያብረቀርቅ ኮርቢና ነው! ሜልቾር ወደ ሰማይ አየ። ኤልፒዲዮ ግን ምንም ፊት አላሳየኝም፤ ሞተሩን አስነሣና ወደ ደለሉ በኩል ወሰደን።

በመንገድ ላይ ገባኝ። አንተ የጻፍክልኝ የሩቁን ነው። ድግስ ከሩቅ ሲሰማ አንድ ድምፅ ነው፤ መሐሉ ከገባህ ግን የእያንዳንዱን ሰው ጉሮሮ ለየብቻው ትሰማለህ። እኔ መሐሉ ላይ ቆሜ የሩቁን ስፈልግ ነበር። አንተ ሁልጊዜ ከሩቅ እየሰማህ ስለምትቀርብ መንገሩ አልታሰበህም። አልቀየምኩህም፤ በደብዳቤ እንዲህ ያለ ነገር መማር ከባድ ነው።

ደለሉ ጋ ራቅ ብለን ሞተሩን አጥፉ አልኳቸው። ያኔ ሰማሁት። አሁን ድግስ አልለውም። እጀታው በአጥንቴ ውስጥ፣ በጥርሴ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ፣ የጀልባዋ ወለል ራሱ ሲያጉረመርም… አንተ ታውቀዋለህ፣ ለምን እነግርሃለሁ። በቀስታ ቀረብን፣ ድምፁ እስኪበታተን፣ እያንዳንዱ ለየብቻው እስኪያንኳኳ ድረስ። ሁለቴ ሳብኩ። ኤልፒዲዮ ጮኾ "ጣል" አለ፣ ሜልቾር ጣለ። አንድ መቁጠሪያ ደግሜ ሳልጨርስ ጀልባዋ ሞላች፣ ውኃው ከጠርዟ አንድ ጋት ብቻ ነበር የቀረው። ሜልቾር ሲዘምር ኤልፒዲዮ አይሰማም፤ ለዚህ ደንቆሮነት ጥቅም አለው፣ ድምፁን ታውቀዋለህ።

ሚዛኑ ጋ ስንደርስ ማንም አልሳቀም። ቶሪቢዮ መጥቶ፣ "የመጀመሪያውን ለምን ተውሽው?" አለኝ። "ለአንተ ብዬ ነው፣ አበልጅ አይደለህ!" አልኩት። እውነቱን የምነግረው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ወይም አልነግረውም።

ሦስቱ ሰዎች ሰኞ ዕለት ቤት መጡ። ጉልበቱ ድኖለታል፣ አማትየውም ተሽሏቸዋል፤ ሰሚ ካስፈለጋችሁ አለን አሉ። አብልቼ አጠጥቼ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

አንተንም በፌብሩዋሪ ና ብዬህ ነበር። ያንን ሰርዘው። አራስዋ ስትጠነክር ሁላችሁም ኑ፣ ልጅቷን ባሕሩን አሳዩአት፣ ብሉ፣ ተኙ፣ አበልጄ ቶሪቢዮም በክርስትና ስምህ ሲጠራህ ስማው፤ እየተለማመደ ነው። ጀልባዋ ላይ ግን ቦታ የለህም፣ ወንድሜ። የሰሚው ቦታ ተይዟል።

እኅትህ ኦቱሊያ